ካሳብ ዶልፊን ለማየት ስትሄዱ እነዚህን አትሳሳቱ

ካሳብ በኦማን ሙሳንደም ግዛት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ከዱባይ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ራስ አል ኸይማን አልፋችሁ የአል ዳራን የድንበር ኬላ ስትሻገሩ መንገዱ ባሕሩን በግራ፣ ገደሉን በቀኝ አድርጎ እስከ ካሳብ ይወስዳችኋል። የሀገሬን ልጆች በበዓልና በዕረፍት ቀን እየጫንኩ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ስህተቱ ግን በየጊዜው ያው ነው።

መጀመሪያ ወረቀት። ሙሳንደም ከቀረው ኦማን በኤምሬትስ መሬት ተቆርጦ ለብቻው የቆመ የኦማን ግዛት ነው። «ለአንድ ቀን እኮ ነው» ብትሉም ከሀገር እየወጣችሁ ነው። በጉብኝት ቪዛ ያላችሁ በተለይ ስሙኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዛችሁ ከወጣችሁ ቪዛው እዚያው አለቀ፣ ማታ ዱባይ አትገቡም። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁም የኦማኑን ቪዛ አስቀድማችሁ ጨርሱ። አንድ ጊዜ የፋሲካ ማግሥት አብራን የመጣች እህት የያዘችው የፓስፖርቷን ፎቶ ብቻ ነበር፤ ዋናው አሠሪዋ ጋ ተቆልፎበታል። በዓመት አንዴ ያገኘቻት ዕረፍት ነበረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ለሁላችንም ድፎ ዳቦ ይዛ መጥታ ኬላው ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። ሁላችንም ተመለስን። ጥፋቱ የእኔም ነበር፣ ሳልጠይቃት ነው የጫንኳት። አሁን ፓስፖርቱን በዓይኔ ሳላይ ማንንም መኪና ውስጥ አላስገባም።

የመኪናው ሙልኪያ (የባለቤትነት ካርድ) እና ኦማንን የሚሸፍን ኢንሹራንስም አይረሳ። የተከራያችሁት ከሆነ ከአከራዩ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ።

በሐምሌና በነሐሴ አትሂዱ፣ ሙቀቱ ያማችኋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጥሩ ነው።

ጀልባ ስትይዙ የጠዋቱን ምረጡ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። በጾም ወቅት ከሆነ ምሳችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ጀልባው ላይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ዶሮ ወይም ዓሣ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከካሳብ የሚነሡት የእንጨት ጀልባዎች ኾር ሻም ወደሚባለው፣ በተራሮች መካከል 16 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚዘልቀው የባሕር ሰርጥ ይገባሉ። ዶልፊኖቹ እዚያ ናቸው። አንድ ክንፍ ብቅ ከማለቱ የእኛ ሰዎች ከመቀመጫቸው ይነሡና ሁሉም በአንድ ጎን ይከመራሉ። ጩኸት፣ ፉጨት፣ የጀልባውን እንጨት መደብደብ ይከተላል። አንዱ ዳቦ ይወረውራል። ሌላው ካፒቴኑን «ተከተላቸው፣ ቅደማቸው» እያለ ይወተውታል፤ ካፒቴኑም ጉርሻ ስለሚጠብቅ መሪውን ያዞርና መንገዳቸውን ይቆርጣል። እባካችሁ ተዉ! ዶልፊን ሳንባ ያለው፣ ግልገሉን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ ለመተንፈስ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለበት። በወጣ ቁጥር ጀልባ ከተደቀነበት ትንፋሹንም ዕረፍቱንም ነሣችሁት ማለት ነው። እዚያ ከምታዩዋቸው መካከል ጀርባቸው ላይ ጉብታ ያላቸው የሕንድ ውቅያኖስ ዶልፊኖች ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል። ዳቦ ምግባቸው አይደለም። ይባስ ብሎ ጀልባ ሲያዩ ምግብ ብለው እንዲጠጉ ያለምዳቸዋል፤ የጀልባው ሞተር የሚያሽከረክረው ስለት ደግሞ ቆዳ ይቆርጣል።

እኔም መጀመሪያ ሰሞን ካፒቴኑን «ጠጋ በል» ካሉት ነኝ። እናትና ግልገል ነበሩ። ወደ እነሱ ስንዞር እናትየው ግልገሏን በጎኗ ከልላ ጠለቀች፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን አንድም ዶልፊን አላየንም።

በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ካፒቴኑን «በያዝከው ፍጥነት ቀጥ ብለህ ሂድ» በሉት። ጀልባ ሲጓዝ ከፊቱ ውሃውን ይገፋል፤ ዶልፊኖች ያ ግፊት እንዲሸከማቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ባለፈው ጥር ከፊት ጫፍ ላይ በደረቴ ተኝቼ ሦስቱ ከሥሬ ገቡ። ከእኔ እስከ እነሱ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጅራታቸው እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ውሃው ነው የሚወስዳቸው። አንደኛው በጎኑ ተገለበጠና በአንድ ዓይኑ ሽቅብ አየኝ። ወዲያው ጭንቅላቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ተከፍታ «ፉፍ» ስትል ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጤዛ ፊቴ ላይ አረፈ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጀልባው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የቴሌግራፍ ጣቢያ በሠሩባት ደሴት አጠገብ ቆሞ ሰው ይዋኛል። አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ነን፣ ዋና አንችልም። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ጥልቀቱ ቅርብ ይመስላል፣ አያታልላችሁ። ላይፍ ጃኬት ሳታጠልቁ አትግቡ፤ ጓደኞቻችሁ ቢስቁም ይሳቁ።

ስትመለሱ ፀሐይዋ ከፊታችሁ በኩል ናት፣ መንገዱም ጥምዝማዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ የዋለ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል። የሚነዳው ሰው ምሳ በልቶ ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ይተኛ፣ ሌሎቻችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ጠብቁት።