ዓመታት የቆመ ቢኤምደብሊው አር 75/6 በባሕር ዳር እንዴት ለመንገድ ይበቃል

ግቢ ጥግ በላስቲክ ሸራ ተጠቅልሎ አሥር ዓመት የከረመ አር 75/6 የተባለው የቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክል ሲገኝ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ፍላጎት አንድ ነው፦ ባትሪ ገጥሞ፣ ቤንዚን ጨምሮ፣ ድምፁን መስማት። ከቆመበት ዘመን ሁሉ ይልቅ ሞተሩን የምትጎዳው ያቺ የጉጉት ደቂቃ ናት። ይህ ሞተር ሳይክል የሚበላሸው ብዙ በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው። ካምቢዮውና የሞተሩ ብረት ለረጅም መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ የሚያረጀው ላስቲኩ፣ ሜምብራኑ፣ የፍሬን ዘይቱና ታንኩ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው መቆሙ ምን እንዳበላሸ በመፈለግ ነው። ማስነሣቱ መጨረሻ አካባቢ ይደርሳል።

በጣና ዳር መቆም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሸራው ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ቢከለክልም ክረምቱን ሙሉ ከአፈሩ የሚነሣውን እርጥበት ውስጡ ያስቀረዋል። ቀን ሲሞቅ ይተናል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብረቱ ላይ ጠል ሆኖ ይቀመጣል። ሳይክሉ ሲቆም አንዱ ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ ያ ጠል ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ከላይ ቀለሙ ያብረቀረቀ ሆኖ ውስጡ የዛገ ሳይክል ያለው ለዚህ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ። የሞተሩ ቁጥር በግራ በኩል ከዘይት መለኪያው ዘንግ በላይ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ የሻንሲው ቁጥር መሪው አንገት አካባቢ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከሊብሬው ጋር አስተያዩአቸው፤ ሊብሬ ከሌለው ወይም ቁጥሩ ከተፋቀ ሳይክሉ የቱንም ያህል ቢያምር ተውት።

ሞተሩን ማላቀቅ

ባትሪ ካለው መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ። ይህን ከመጠን በላይ ጥንቃቄ አድርጎ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የፊተኛው የሞተር ክዳን ሲወጣ ከኋላው ያለውን የዳዮድ ሰሌዳ ይነካል፣ ሰሌዳው ደግሞ ሁልጊዜ ኩራንቲ አለበት። አንድ ብልጭታ ሰሌዳውን ታቃጥለዋለች።

ሁለቱን ካንዴላዎች አውጡ። በየሲሊንደሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይትና ናፍታ ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ በመርፌ ጨምሩ። እዚህ ላይ ሲሊንደሮቹ የተኙ መሆናቸውን አትርሱ፦ ዘይቱ የታችኛውን ግድግዳ አርሶ የላይኛውን ደረቅ ይተዋል። ሳይክሉን በጎን መቆሚያው ወደ ግራ ስታዘነብሉት ለቀኝ ሲሊንደር ዘይቱ ወደ ፒስተኑ ይወርዳል፤ ለግራው ደግሞ ወደ ቀኝ አዘንብላችሁ በግድግዳና በግንድ በደንብ አስደግፉት። በየጎኑ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ይቆይ።

ከዚያ የፊተኛውን ክዳን አንሡ፣ የዲናሞውን መካከለኛ ብሎን በ6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ይዛችሁ ከፊት ስታዩት በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ከዞረ ጥሩ። ካልዞረ ጉልበት አትጨምሩ። ማርሽ አስገብቶ መግፋት፣ በእግር መምታት፣ በባትሪ መሞከር አይገባም፦ ፒስተኑ በዝገት የተያዘ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይሰበራል፣ ሲሊንደሩም ይቧጠጣል። በዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሩን ራስ) እና ሲሊንደር ማውረድ ሻንሲው ላይ እንዳለ የሚሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለምን ትሰብሩታላችሁ?

ቴስታታውን ለማውረድ መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ክብ ዳዶ መፍታት አለባችሁ፣ ትልቁ አደጋም እዚህ ነው። ዳዶው ከቴስታታው አሉሚኒየም ጥርስ ጋር ተጣብቆ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። በሙቀትና በዘይት በጥቂት ሙከራ ካልተላቀቀ ዳዶውን በብረት መጋዝ በርዝመቱ ሁለት ቦታ ቁረጡ፣ ጥርሱ ጋ ሳትደርሱ አቁሙና በመሮ ሰንጥቃችሁ አውጡት። ዳዶው በአዲስ ይተካል፤ የተበላሸ የቴስታታ ጥርስ ግን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስበየድና እንደገና ማስቆረጥ ይጠይቃል። ሲመለስ ጥርሱ ላይ ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን ግሪስ ቀቡ።

ሲሊንደሩ ሲወጣ ግድግዳውን በጣት ዳሱ። ዝገት ፋሻው የቆመበት ቦታ ላይ ቀጭን ቀለበት ሠርቶ ይገኛል። ጥፍር ካልያዘው በቀላል ማለስለስ ይጸዳል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከሆነ ቦረቦር (በማሽን ማስፋት) ያስፈልገዋል። መነሻው ስፋት 82 ሚሊ ሜትር ነው፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን በገበያ ይገኛል። ሲመለስ ቴስታታውን የሚያስሩትን ትልልቆቹን አራት ዳዶዎች በአንድ ጊዜ አታጥብቁ፦ በሰያፍ እየተዛወራችሁ 15፣ ቀጥሎ 25፣ በመጨረሻም 35 ኒውተን ሜትር። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ካስማዎቹ ከአሉሚኒየሙ ጥርስ ነቅለው ይወጣሉ። የመግፊያ ዘንግ ቱቦዎቹን ላስቲክ፣ ቢደርቅም ባይደርቅም፣ ቀይሩ።

ሌላ ቦታ ደግሞ ክረምት የሚገባበት መንገድ አለ፦ የፍጥነት መቁጠሪያው ካቦ ካምቢዮው ላይ የሚሰካበት የላስቲክ ቡት። ስንጥቅ ካለው ዝናብ ካቦውን ተከትሎ ወደ ካምቢዮ ይወርዳል። የካምቢዮው ዘይት ሲወጣ ወተት የመሰለ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቡቱን ቀይሩና ዘይቱን አንዴ አስገብታችሁ አዙራችሁ አውጥታችሁ እንደገና ሙሉ።

ዘይት

ለሞተር 20 ደብሊው 50፣ ከማጣሪያው ጋር 2.25 ሊትር። ካምቢዮ 0.8 ሊትር፣ የኋላ ዲፈረንሻል 0.25 ሊትር፣ ሁለቱም 80 ደብሊው 90። በመካከላቸው ያለው የአክሱ ቱቦ የራሱ መሙያና ማውጫ አለው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። የሞተሩን ታችኛ ሳህን አንሥታችሁ ዝቃጩን ጥረጉ፤ ትንንሾቹን ብሎኖች ሲመልሱ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ፣ ጉልበት ከተጠቀማችሁ ጥርሳቸው ይበላሻል። የኋላ ጎማው ወጥቶ እያለ የጎማው ማርሽ ጥርሶች ሹል ሆነው እንደሆነ እዩ፣ ጠፍጣፋ ከሆኑ ጠርጋችሁ ግሪስ ቀቡ።

ታንኩና ካርቡሬተሮቹ

ታንኩን ክፍት አድርጋችሁ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ጥቁር ሙጫ ብቻ ከሆነ በአሴቶን ይለቃል፤ ቀይ ዝገት ከሆነ ሲትሪክ አሲድ ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ግራም በ18 ሊትር ሞቅ ባለ ውኃ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። የቤንዚን መክፈቻዎቹን አስቀድማችሁ አውጡና ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፤ ዳዶአቸው በአንድ በኩል የግራ ጥርስ ስላለው የሚዞርበትን አቅጣጫ ሳትፈትሹ አታጥብቁ። ውኃው ከወጣ በኋላ ጥቂት እፍኝ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ እጠቡ፣ ወዲያው በሞቃት አየር አድርቁ። ደርቆ አንድ ሰዓት ከቆየ አዲስ ቀይ ዱቄት ስለሚይዝ ባለ ጥቂት ዘይት ቤንዚን ውስጡ አንቀርቅባችሁ አፍስሱ። የሚያፈስ ታንክ ሲሆን ወደ በያጅ ይዛችሁ አትሩጡ፦ ባዶ መስሎ የታየ ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ይፈነዳል። ታንኩ ከመበየዱ በፊት በውኃ ተሞልቶ፣ ደጋግሞ በሳሙና ታጥቦ መሆን አለበት።

ካርቡሬተሮቹ ቢንግ ናቸው፣ ሁለት፣ ላይኛው ክዳናቸው ስር ትልቅ ክብ የላስቲክ ሜምብራን አለ። አውጡና ከፀሐይ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት፣ በጣት በዝግታ እየለጠጣችሁ። ላስቲኩ በሁሉም ስፍራ ጥቁር ከሆነ ደህና ነው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ብርሃን ከታየች ያ ካርቡሬተር በውስጡ ያለውን ተንሸራታች ፒስተን በሙሉ አያነሣም፣ ሞተሩም ከመካከለኛ ፍጥነት በላይ አይሄድም። በሙጫ የሚጠገን ነገር አይደለም፣ ቀይሩት።

ጂግለሮቹን (ቤንዚኑን የሚመጥኑትን ባለ ቀዳዳ ናሶች) በሽቦ አትቆርቁሩ፤ ናሱ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በአሴቶን አሳድራችሁ በኮምፕሬሰር አየር ንፉ። ተንሳፋፊው ቤንዚን ጠጥቶ ከከበደ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል።

ለባሕር ዳር የተለየ አስተያየት አለን። ከተማው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሜምብራን ያለው ካርቡሬተር ከፊሉን ራሱ ያስተካክላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ካንዴላው በመንገድ ላይ ከሄደ በኋላ ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ዋናውን ጂግለር አንድ ደረጃ አሳንሱ፣ 135 ከሆነ 130። በዚያው ምክንያት የኮምፕረሽን መለኪያው ከመጽሐፉ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲነበብ ደህና ፋሻ አታስጥሉ። መለኪያው የሚነግራችሁ ቁም ነገር የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከበለጠ ደካማው ጎን ይከፈት።

ቫልቭ፣ ብልጭታ፣ መብራት

የግራ በኩሉን የላስቲክ መክደኛ አውጥታችሁ በመስኮቱ ውስጥ የዝንብ መንኰራኩሩ ላይ ‹ኦቲ› የሚለው ምልክት እስኪታይ ሞተሩን አዙሩ። አንዱ ጎን ሁለቱም የቫልቭ መዶሻዎች በጣት ሲነኩ ላልተው ይንቀሳቀሳሉ፤ ያን ጎን አስተካክሉ። ለሌላው ጎን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የአየር መግቢያው 0.15፣ የጭስ መውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ማጥበብ ቫልቩን ያቃጥላል፤ ሰፍቶ ትንሽ ከተንኳኳ ችግር የለም።

ፑንቲናው (ብልጭታ እንዲፈጠር ኩራንቲውን የሚቆርጠው) ከፊተኛው ክዳን ሥር ነው፣ ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር። እርጥበት ላዩ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ይሠራል፤ ብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን ለስላሳ ሞረድ ተጠቀሙ፣ ጨርሳችሁ በንጹሕ ወረቀት ጥረጉ። ካንዴላው 0.6 ሚሊ ሜትር።

ባትሪው ባለ 12 ቮልት፣ 28 አምፐር ሰዓት ነው። ዲናሞው አይሞላም ተብሎ ከመፈታቱ በፊት መሪው ፊት ባለው የመለኪያ ሰሌዳ ላይ ያለችውን ቀይ የዲናሞ መብራት እዩ፦ ዲናሞው የመነሻ ኩራንቲውን የሚያገኘው በእሷ በኩል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለ ጤነኛ ዲናሞ መሙላት ያቆማል። አምፖል፣ ፊውዝ፣ የሽቦ ማገናኛ፣ የቤንዚን ቱቦና የሞተር ዘይት ባሕር ዳር ካሉ የባጃጅ ዕቃ ሱቆች ይገኛሉ። ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ላስቲክ)፣ ጓርኒሲዮን (በክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ሜምብራንና የፍሬን ጎማ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የጀርመን ነጋዴዎች እስካሁን ይሸጡታል፣ ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ዝርዝሩን ሠርታችሁ በአንድ ጊዜ እዘዙ።

ፍሬንና ጎማ

የዚህ ሳይክል የፊት ፍሬን ዋና ሲሊንደር በቤንዚን ታንኩ ሥር ተደብቋል። መሪው ላይ ያለው እጀታ በካቦ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ ዘይት ሲያፈስ አይታይም፤ የምታውቁት ቀለሙ ሲላጥ ወይም እጀታው ሲለሰልስ ነው። አሮጌውን ዘይት አፍስሳችሁ ዶት 4 ሙሉ፣ የላስቲክ ቱቦውንም ቀይሩ። ያረጀ ቱቦ ከውስጥ ያብጣል፣ ዘይቱን ሲሄድ ያሳልፈዋል፣ ሲመለስ ይዘጋበታል፤ ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል፣ ዲስኩ ይግላል። ጎማዎቹ ፊት 3.25-19፣ ኋላ 4.00-18 ናቸው። ጎናቸው ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ ባለ ሦስት አሃዝ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ገጽታው ጥሩ ቢመስልም አውልቁት።

ማስነሣትና የመጀመሪያ መንገድ

ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ከካፑ ጋር ተገናኝተው ቴስታታው ላይ ተቀምጠው፣ በአካባቢው ቤንዚን ሳይኖር፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በባትሪ አዙሩ። ከዚያ ካንዴላዎቹን ግጠሙ፣ ሞተሩ ፊት ማራገቢያ አቁሙ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ ሳይሄድ ከሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በላይ አይቁም። ሁለቱ የጋዝ ካቦዎች በአንድ ቅጽበት መነሣታቸውን በጣት ዳሱ፤ አንዱ ከቀደመ ሞተሩ በስራ ፈት ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያው ቀን በሐይቁ ዳርና በከተማው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ቆሞ ፍሳሽ ፍለጋ። ሁለተኛው ቀን እስከ መራዊ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሄዶ መለስ። 100 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይሩ፤ የዓመታቱ ዝቃጭ በዚህ ይወጣል። 500 ሲሞላ ሞተሩ ሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ የቴስታታ ዳዶዎቹን እንደገና 35 አድርሱና ቫልቩን አስተካክሉ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ስለሚቀመጥ ክፍተቱ ይቀየራል። ወደ አዲስ አበባ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዳችሁ በፊት ታንኩን አንሥታችሁ የፍሬኑን ዘይት ጎድጓዳ ዕቃ እዩ።