ጥንታዊ የፈረስ ጋጣን ለዘመናዊ አገልግሎት ስለ መለወጥ

ጥንታዊ የፈረስ ጋጣ ወደ መኖሪያ ወይም ወደ ቢሮ ከመለወጡ በፊት በቅድሚያ መመርመር ያለበት የግድግዳው የታችኛው ክፍል ነው። ለረጅም ዘመን የፈረስ ሽንትና ፍግ የነካው ጡብ ናይትሬት የተባለውን ጨው ስለሚይዝ፣ ይህ ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ አዲሱን ቀለም ያስለቅቃል፣ ልስኑንም ያረግፋል፤ ግድግዳው በጣት ሲዳሰስም እንደ ዱቄት የሚራገፍ ነጭ ብናኝ ይታያል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን ፈጽሞ አይመከርም፤ እርጥበቱን አፍኖ ጉዳቱን ያባብሰዋልና። አሮጌው ልስን ከተነሣ በኋላ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅና እርጥበት በሚያሳልፍ የኖራ ልስን መሸፈን ይገባል።

የሠረገላ መግቢያ የነበረው ሰፊ በር በግንብ ከሚደፈን ይልቅ፣ ከፊት ለፊቱ መስመር ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መስታወት ቢገጠምለት የሕንፃው መልክ ሳይጠፋ ብርሃን በብዛት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1808 ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ፈረሶች በብራይተን ከተማ የተሠራው ባለ ጉልላት ጋጣ፣ የብራይተን ዶም፣ በ1867 የሙዚቃ አዳራሽ ሊሆን የቻለው፣ በእኔ እምነት፣ ሰፊው ጉልላቱ ሳይከፋፈል በመቆየቱ ነው። ስለዚህ ትልቁን ክፍል በግድግዳ ከመሸንሸን መቆጠብ፣ ግርግሙንና የወለሉን ቦይም ቢያንስ በአንድ ክፍል ውስጥ በነበሩበት ማቆየት ተገቢ ነው። የድርቆሽ ቆጡ ግን አዲሱን ጭነት መሸከሙን መሐንዲስ ሳያረጋግጥ ሰው ሊወጣበት አይገባም።