ለስፖርት መኪና ልክ የሚሆን ቸርኬ እንዴት ይመረጣል? ስፋት፣ ኦፍሴትና ሌሎች ቁጥሮች

ሶማሌ ተራ ቸርኬ ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ስንት ኢንች ነው? ባለ ስንት ቡሎን ነው?" ብሎ በቀጥታ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የተገዛ ቸርኬ መኪናው ላይ ቢታሰርም ልክ ላይሆን ይችላል። መሪ ሲዞር ጎማው የፓራፋንጎውን ሽፋን ይፍቃል፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይነካል፣ አለዚያም በውስጥ በኩል አሞርዛተሩን እየታከከ ጎማው ይበላል።

ስለዚህ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ዋና ቸርኬ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ሳያሰፍሩ ወደ ገበያ አይውጡ። ቸርኬውን ፈትተው ጀርባውን ቢያዩ ስፋቱና ኦፍሴቱ (ትርጉሙን ከታች እናየዋለን) ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። እዚህ ቶዮታ 86ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የመጀመሪያውን ትውልድ፣ ባለ 17 ኢንቹን። ቸርኬው 17×7 (ቁመቱ 17፣ ስፋቱ 7 ኢንች)፣ ኦፍሴቱ 48፣ የቡሎን ክቡ 5×100፣ የመሃል ቀዳዳው 56.1 ሚሊ ሜትር፣ ጎማው 215/45/17 (ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ለ17 ኢንች ቸርኬ)፣ የዳዶው ጥርስ 12 በ1.25 (የቡሎኑ ውፍረት 12፣ የጥርሶቹ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር) ነው።

በቡሎኑ ክብ እንጀምር። 5×100 ማለት አምስቱ ቡሎኖች በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ተደርድረዋል ማለት ነው። ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬ ላይ ክቡን በቀጥታ መለካት አይመችም። ይልቅ የሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎችን ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ይለኩ። 58.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 5×100፣ 65.8 ከሆነ 5×112፣ 67.2 ከሆነ 5×114.3 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዓይን አይለዩም። 5×112 ቸርኬ 5×114.3 መኪና ላይ እየተገፋ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ዳዶው በቸርኬው ቀዳዳ መቀመጫ ላይ በትክክል ስለማይቀመጥ ቡሎኑ ይጣመማል፣ እየሄዱም ይላላል። ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ቀዳዳ ማስበሳትም አይመከርም። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር ሲቀራረብ መሃላቸው የሚቀረው ብረት ይሳሳል፣ የሚሰነጠቀውም እዚያ ጋ ነው።

የመሃል ቀዳዳው ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ከጠበበ ቸርኬው ጭራሽ አይገባም። ከሰፋ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ቸርኬው 73.1 ከሆነ፣ ከውጭ 73.1 ከውስጥ 56.1 የሆነ። ፍሬኑ አብዝቶ ለሚሞቅ መኪና ከፕላስቲኩ የአልሙኒየሙን ይምረጡ።

የኢንቹን ጉዳይ በአጭሩ፦ በ17 ቢቆዩ ይሻላል። 215/45/17 ጎማ ከላይ እስከ ታች 625 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 215/40/18 ደግሞ 629 ስለሚሆን ኪሎ ሜትር ቆጣሪው እምብዛም አይዛባም። ችግሩ የጎማው ግድግዳ ነው፤ ከ97 ወደ 86 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከሜክሲኮ ወይም ከአራት ኪሎ ዋና መንገድ ወጣ ብለው ኮብልስቶኑና ጉድጓዱ ሲጀምር፣ ያ የጎደለው 11 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ያጣምማል። በማንኛውም ምርጫ ግን የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከዋናው ከ2 እስከ 3 በመቶ በላይ አይራቅ።

አሁን ወደ ኦፍሴት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበት ገጽ ከስፋቱ መሃል መስመር በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል። ኦፍሴቱን ያለ ስፋቱ ማየት ግን ዋጋ የለውም፤ ሰፊ ቸርኬ በሁለቱም ጎን ይለጠጣልና። ሂሳቡ ቀላል ነው። ስፋቱን በ25.4 አባዝተው ለሁለት ያካፍሉ። ከውጤቱ ኦፍሴቱን ቢቀንሱ የውጭውን፣ ቢደምሩ የውስጡን ርቀት ያገኛሉ።

ዋናው ቸርኬ፣ ማለትም 7 ኢንች ኦፍሴት 48፣ ወደ ውጭ 40.9፣ ወደ ውስጥ 136.9 ይሆናል። 8 ኢንች ኦፍሴት 45 ደግሞ ወደ ውጭ 56.6፣ ወደ ውስጥ 146.6 ነው። ስለዚህ አዲሱ ቸርኬ ወደ ውጭ 15.7፣ ወደ አሞርዛተሩ 9.7 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጎማውን ከ215 ወደ 225 ካሳደጉ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምሩ። ስፋቱን በሜትር ሲለኩ ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበትን ውስጠኛ ቦታ ይለኩ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከለኩ አንድ ኢንች ገደማ ይበልጥብዎታል፣ ሂሳቡም ሁሉ ይፈርሳል።

ቁጥሮቹን ከያዙ በኋላ መኪናው ላይ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ለጥ ያለ ቦታ አቁመው፣ መሪውን ቀጥ አድርገው፣ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ ያውርዱ፤ ከክሩ እስከ ጎማው ግድግዳ ያለው ርቀት የውጭ ክፍተትዎ ነው። በውስጥ በኩል ከጎማው እስከ አሞርዛተሩና እስከ ሞላው መቀመጫ ይለኩ። ከሂሳቡ በኋላ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ሊተርፍ ይገባል። የ86ቱ የፊት አሞርዛተር ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዞር መሪ ሲዞር ያ ክፍተት አይለወጥም፤ መሪ ሲዞር የሚያሰጋው የሽፋኑ ፕላስቲክ ነው።

የፍሬን ካሊፐሩም አይረሳ። ከቸርኬው መሃል ወደ ጠርዙ በሚዘረጉት ክንዶችና በካሊፐሩ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት፤ በውስጥ የሚለጠፈው የባላንስ እርሳስም ቦታ ይፈልጋል። ካልበቃና ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ማራራቂያ ብረት) ከጨመሩ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ያጥራል። በ12 በ1.25 ቡሎን ላይ ዳዶው ከመጥበቁ በፊት ቢያንስ 10 ሙሉ ዙር በእጅ መዞር አለበት፤ ካነሰ ረዘም ያለ ቡሎን ያስገጥሙ ወይም ስፔሰሩን ይተዉት። የዳዶው መቀመጫም ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ዳዶ ለክብ መቀመጫ አይሆንም።

ያገለገለ ቸርኬ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ጎሚስታ ጋ ባላንስ ማሽን ላይ ያስዞሩት። የሚታየው የፊቱ ውበት ሲሆን፣ የሚጣመመውና ተበይዶ ቀለም የሚቀባው ግን የውስጠኛው ጠርዝ ነው።

አራቱንም ጎማ ከመቀየርዎ በፊት አንድ የፊትና አንድ የኋላ ብቻ አስገጥመው ይፈትኑ። የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ጠመኔ ይቀቡ፣ ኋላ ሰው ያስቀምጡ፣ መሪውን ሁለቱንም ወገን እስከ መጨረሻው ያዙሩ፣ በዝግታ የፍጥነት መቀነሻ ይለፉ። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ የሚነካበት ቦታ ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ብቻ ከነካ መከርከም ይቻላል፤ ብረት ከነካ ቸርኬውን ይመልሱ።

ዳዶውን በአየር ሽጉጥ ሳይሆን በእጅ ጀምረው፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ፣ በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ፤ ለ86 ልኩ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና በዚያው ልክ ይፈትሹት።