ጥሻ ውስጥ አጋዘን ስታድኑ የምትሠሯቸው ስህተቶች (እኔም የሠራኋቸው)

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ይዤ ጥሻ ገብቼ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስንባዝን ቆየን። መጨረሻ ላይ ላቡን እየጠረገ «እዚህ ምንም የለም፣ ወፍ የለም» አለኝ። እኔ ግን በሄድንበት መንገድ ላይ ሣሩ ድፍጥጥ ያለባቸው አራት መኝታዎች ቆጥሬያለሁ። አንዱን በእጄ ስዳስሰው ገና ይሞቃል። አጋዘኖቹማ ነበሩ። ስንመጣ ሰምተው ቀስ ብለው ለቀቁልን እንጂ።

ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ጠመንጃ ስለ መፈተሽ፣ ስለ ፈቃድና ስለ አደን ወቅት አላወራም። እሱን ሳይጨርስ ጫካ የሚገባ ሰው የእኔ ምክር አይጠቅመውም። አጋዘን ስል ደግሞ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ የሚያበቅለውን፣ በተለይ ባለ ነጭ ጅራቱን ማለቴ ነው። እንደ ድኩላ አንዱን ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመውን አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መራመድ ነው። አዎ፣ መራመድ! ገላጣ ሜዳ ላይ እግር ያግዛል፤ አንዱን ጉብታ ወጥታችሁ ሌላውን ታያላችሁ። ጥሻ ውስጥ ግን የሚታያችሁ ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር አይዘልም። አጋዘኑ እስክትታዩት አይጠብቅም፤ ገና ከሩቅ ሰምቷችኋል። ጆሮዎቹ ለየብቻ ይዞራሉ፣ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ። እናንተ እሱን ለማየት በቀረባችሁ ሰዓት እሱ ሊያውቅ የሚፈልገውን አውቆ ጨርሷል።

የሰው እርምጃ ደግሞ ያስታውቃል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት። አጋዘን እንዲህ አይሄድም። ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያዞራል፣ ቅጠል ይቀነጥሳል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። ሳይቆራረጥ የሚመጣ ድምፅ ከሰማ ማን እየመጣ እንደሆነ አይጠይቅም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚኬደው? ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ግንድ ተጠግቶ መቆም። ለአፍታ አይደለም። ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ ቦታውን ከጠረጠራችሁት 10። የምትቆሙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ከጀርባችሁ ዛፍ፣ ከፊታችሁ ክፍተት ይኑር። አንድ እርምጃ በሄዳችሁ ቁጥር በቅርንጫፎቹ መሃል ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። ስለዚህ አሁን አይቼዋለሁ ያላችሁትን ቦታ እንደገና ማየት አለባችሁ። መቶ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ እኔ በበኩሌ ፈጠናችሁ ነው የምለው።

ጭራሮ ከሰበራችሁ ባላችሁበት ድርቅ በሉ። አጋዘንም ጭራሮ ይሰብራል። ከአንድ ድምፅ በኋላ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። የሚያስነሳው ሁለተኛው ነው። ጀማሪ ግን ምን ያደርጋል? ራሱን ይረግማል፣ በንዴት እግሩን ያነሳል፣ ሌላ ጭራሮ ይሰብራል። ቅጠሉ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጭራሽ አትሂዱ፣ ተቀመጡ። ዝናብ አባርቶ መሬቱ ሲርስ፣ ያን ቀን ሂዱ።

እኔም የመጀመሪያ ሰሞን በቀን 15 ኪሎ ሜትር ሄድኩ እያልኩ ስኩራራ ነበር። ያን ሰሞን ያየሁት አጋዘን ሳይሆን ጅራት ነው። ነጭ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እየራቀ የሚሄድ ጅራት።

ሁለተኛው ስህተት ንፋሱን ጠዋት አንዴ አይቶ መርሳት ነው። ጸጥ ባለ ቀን እንኳ ዳገታማ ቦታ ላይ አየሩ አይቆምም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሽቅብ ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ገና ጎህ ሲቀድ ግን ቁልቁለቱን እንዳልተወ ልብ በሉ። ጠዋት ትክክል የነበረ ቦታ ረፋድ ላይ ጠረናችሁን በቀጥታ ወደ አጋዘኑ ይልካል። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት ያዙና በየቆማችሁበት እፍ አድርጉ። ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ንፋሱን ፊት ለፊት ተቀበል» ይባላል፣ እውነት ነው። ግን አጋዘን ተኝቶ ሲያመሰኳ ብዙ ጊዜ ንፋሱን ለጀርባው ይሰጥና ፊቱን ንፋሱ ወደሚሄድበት ያዞራል። ከኋላው የሚመጣውን በአፍንጫው፣ ከፊቱ የሚመጣውን በዓይኑ ይጠብቃል። ስለዚህ ንፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበላችሁ በቀጥታ ከሄዳችሁ የምትወጡት ዓይኑ ሥር ነው። ንፋሱ በጎን እየመታችሁ መግባት ይሻላል። ጠረን ያጠፋል እየተባለ የሚረጨውን ነገር በተመለከተ፦ ርጩት፣ ግን አትመኑት።

ሙሉ አጋዘን መፈለግም ስህተት ነው። ፎቶ ላይ እንዳለው ጎኑን ሰጥቶ፣ ቀንዱን ከፍ አድርጎ የሚቆም አጋዘን ጥሻ ውስጥ አትጠብቁ። የምታገኙት ቁራጭ ነው። የጆሮ ጫፍ፣ ጥቁር አፍንጫ፣ ቀጭን እግር። ዛፉ ሁሉ ቀጥ ብሎ በቆመበት መሃል አንድ አግዳሚ መስመር ካያችሁ እሱ ጀርባ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ሙሉ ጉቶ ነው ብዬ የናቅኩት ነገር ጆሮውን አርገበገበ። እኔ ስደነግጥ እሱ እግሬ አውጪኝ አለ።

ባይኖኩላር ለሩቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለቅርብ ጥሻ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ስታስተካክሉት የፊተኛው ቅጠል ይደበዝዝና ከኋላው ያለው ይጠራል፤ ጥሻውን እንደ መጋረጃ ገልጣችሁ የምታዩ ያህል ነው። 8 ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል።

በጠመንጃ መነጽር መፈለግስ? ይሄን የሚያደርግ ሰው ከጎኔ አይቆምም። ምን እንደሆነ ወደማያውቀው ነገር ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ እየደገነ ነው። ያ ነገር ሰው ሊሆን ይችላል። ድምፅ ሰምቶ ወይም ቅጠል ሲነቃነቅ አይቶ ስለሚተኩስ ሰው ደግሞ ጭራሽ አላወራም።

ሌላ አዳኝ ሰው መሆናችሁን እንዲለይ የሚለበሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ «አጋዘኑ ያየኛል» ብለው የሚያወልቁም አሉ። አጋዘን ብርቱካናማና ቀይ ቀለም እንደኛ አይለይም፤ ለእሱ የደበዘዘ ነገር ነው። በደንብ የሚያየው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ሰደርያውን ልበሱ፣ ጂንሱን ቤት ተዉት። ሲነቀል ጭርር የሚል ማጣበቂያ ያለው ጃኬትም አብሮት ይቅር።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። «ከባድ ጥይት ቅርንጫፍ ሰብሮ ያልፋል» የሚባል ወሬ አለ። እኔም አምኜው ነበር። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን 35 ሜትር ላይ ቆሞልኝ፣ በመሃላችን ጣት የማታክል ቅርንጫፍ ነበረች። ልቤ ድው ድው ይላል። ትንሽ ብጠብቅ አንድ እርምጃ ወደ ክፍተቱ ይገባ ነበር። አልጠበቅኩም። ጥይቱ ቅርንጫፏን ነካ፣ አቅጣጫ ሳተ፣ ሆዱ ላይ አረፈ። ቀላልም ይሁን ከባድ፣ ፈጣንም ይሁን ዘገምተኛ፣ ቅርንጫፍ ነክቶ በመንገዱ ለመቀጠሉ ዋስትና ያለው ጥይት የለም። የነጠረ ጥይት የት እንደሚያርፍ ደግሞ ማንም አያውቅም።

በዚህ ላይ ሌላ ስህተት ጨመርኩበት። ወዲያው ተከተልኩት። ሆዱን የተመታ አጋዘን ካልተነካ ብዙ ጊዜ ሩቅ ሳይሄድ ይተኛል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከተኛበት አስነሳሁት። ከዚያ ረግረግ ውስጥ ገባ፣ መሸ፣ ደሙ ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት፣ ሥጋው ተበላሽቷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከተኮሳችሁ በኋላ ባላችሁበት ቆዩ። አጋዘኑ የቆመበትን ቦታ በአንድ ምልክት ያዙ፣ እናንተ በቆማችሁበትም ጨርቅ እሰሩ። ጥሻ ውስጥ 10 እርምጃ ከሄዳችሁ በኋላ ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ደሙን አንብቡ። ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ሂዱ፣ ቅርብ ነው የወደቀው። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ሦስትና አራት ሰዓት ስጡት። አረንጓዴ ነገር ወይም የጨጓራ ሽታ ካለው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጠብቁ። ስትከተሉም ዱካውን አትርገጡ፣ በጎኑ ሂዱ። ከጠፋባችሁ የምትመለሱት ወደ መጨረሻው ጠብታ ነውና እዚያ ላይ ወረቀት አስቀምጡ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። በስሪያ ወቅት ቀንድ ከቀንድ ማጋጨትና የወንዱን ማጉረምረም በሚያስመስል ፊሽካ መጥራት ጥሻ ውስጥ ይሠራል፣ ምክንያቱም ለማየት መቅረብ አለበት። ግን በየ2 ደቂቃው አትንፉ፤ ነቄ ይላል። ሲመጣም ብዙውን ጊዜ ዞሮ ጠረናችሁ በሚሄድበት በኩል ነው። ዓይናችሁ እዚያ ይሁን።

ደንግጦ ከሮጠባችሁ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሮጦ ይቆምና ምን እንዳስደነገጠው ለማወቅ ወደ ኋላ ያያል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ያ ጀማሪ ትናንት ደወለልኝ። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጀርባውን አሞታል። ግን አንዲት እንስት ከነግልገሏ 12 ሜትር ላይ አለፈች፣ ከኋላቸው ደግሞ ወንዱ መጣ። ቅርንጫፍ ስለጋረደው አልተኮሰም። «ነገስ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«እዚያው ሂድ» አልኩት። «በሌላ መንገድ ግን ግባ፤ የዛሬውን አሽትቶታል።»