ክሎን «ተሳካ» ብሎ እምቢ የሚል ኤስኤስዲ፦ ችግርና መፍትሄ

ዊንዶውሱን ከነፋይሉ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) እንዳለ መገልበጥ ክሎን ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ እምቢ ላላችሁ ነው ይሄ። ኬብሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችኋል፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው ማስተካከያ) ውስጥም የቡት ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ፣ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ሳታስቀምጡ ክሎን ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ኤም ዶት ቱ ዲስኩ ባዮስ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ኤም ዶት ቱ የቅርጹ ስም ነው፤ ሁለቱ የግንኙነት ዓይነቶች፣ ሳታውም ኤንቪኤምኢውም፣ በዚያው ቅርጽ ይመጣሉ። ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ቦታ ላይ ሳታ ብትሰኩ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን አይነበብም። ሄዳችሁ አስቀይሩት።

ክሎኑ መሃል ላይ ይቆማል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ሴክተር (የማይነበብ ቁራጭ) አለው። የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ እዩት፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ የሚያስፈልጋችሁን ፋይል አውጡና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫኑ። አሥር ጊዜ እየሞከራችሁ አትጨርሱት።

ሰማያዊ ስክሪን፣ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ»። ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ ሬይድ የነበረውን የዲስክ ሞድ አንድ ሰው ወደ ሌላኛው ሞድ፣ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ቀይሮት ነው። ወደነበረበት መልሱት። ኤኤችሲአይ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ (በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ) እንዲነሳ አዘጋጁ፣ ቀጥሎ ባዮሱን ቀይሩ፤ በሴፍ ሞድ አንዴ ሲነሳ ዲስኩን የሚያናግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ራሱ ያስገባል።

ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያው፣ ቢትሎከር፣ ነው። ቁልፉን የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉ።

«ለወራት ሲሠራ ቆይቶ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ባወጣሁት ቀን ጠፋ»

በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሲዲ ማጫወቻው ወጥቶ አሮጌው ሃርድ ዲስክ በካዲ (በሲዲ ማጫወቻው ልክ በተሠራ መያዣ) ገብቷል፣ ኤስኤስዲው ዋናው ቦታ ላይ ነው። ሁሉም ፈጣን፣ ሁሉም ደስተኛ። አሮጌው ሲወጣ ወይም ፎርማት ሲደረግ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡት ዲቫይስ»።

ምክንያቱ፦ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) የሚነሳ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፋይል ዊንዶውስ ባለበት ሲ ውስጥ አይደለም። ፊደል በሌላት፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት በሆነች የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ ነው ያለው። ክሎን ሲደረግ ሲ ብቻ ከተመረጠ፣ ወይም ዊንዶውስ ሲጫን ሁለቱም ዲስክ ተሰክቶ ከነበረ፣ ያቺ ትንሽ ፓርቲሽን አሮጌው ላይ ትቀራለች።

አንድ ሒሳብ ሠራተኛ አሮጌው ላይ ያሉትን ፓርቲሽኖች በሙሉ «ትርፍ ናቸው» ብሎ አጠፋቸው። ኮምፒውተሩ በርቶ ስለነበር ምንም አልሆነም። በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳም፤ «መብራቱ ኤስኤስዲዬን አቃጠለው» ብሎ ሌላ አዲስ ገዝቶ መጣ። ኤስኤስዲው ምንም አልሆነም ነበር። አንዷ ተማሪ ደግሞ አሮጌውን ሸጠችው፣ ከነቡት ፋይሉ። ይሄን ሁሉ የሚያመጣው ክሎን አድርጎ፣ አሮጌውን ሳይነቅል «አለቀ» ብሎ ሒሳብ የሚቀበል ባለሙያ ነው። አሮጌውን ነቅሎ አንዴ ማስነሳት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ጥገናው እንዲህ ነው። አሮጌውን ንቀሉ። በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ፣ በዩኢኤፍአይ ሞድ አስነሱ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሺፍትና ኤፍ 10 ስትጫኑ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ይከፈታል። ዲስክፓርት (የዲስክ ክፍሎች ማስተካከያው) ውስጥ ገብታችሁ ሊስት ዲስክ በሉ፤ ከኤስኤስዲው ጎን ጂፒቲ (ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው የዲስክ አከፋፈል) በሚለው ዓምድ ሥር የኮከብ ምልክት መኖር አለበት። ኮከብ ከሌለ ይሄ መንገድ አይሆንም፤ አሮጌው ደህና ከሆነ ሙሉ ዲስኩን፣ ሲን ብቻ ሳይሆን፣ እንደገና ክሎን አድርጉ።

ኮከቡ ካለ መጀመሪያ በሊስት ቮሉም ፊደሉን አረጋግጡ፤ በፍላሽ ስትነሱ ሲ የነበረው ዲ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሲን መርጣችሁ በሽሪንክ 300 ሜጋባይት ያህል ቀንሱለት፣ ባዶው ቦታ ላይ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ፍጠሩ፣ በፋት 32 ፎርማት አድርጉ፣ ኤስ የሚል ፊደል ስጡት። ክሊን የሚለውን ትእዛዝ እንዳትነኩት! ሳይጠይቅ ዲስኩን ባዶ ያደርገዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ሁሉ እየገለበጠ የሚጽፍ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያለቅሰው። ፎርማት የሚደረገውም አሁን የፈጠራችሁት ትንሹ ብቻ ነው፤ መጠኑን ሁለቴ እዩ።

ከዲስክፓርት ውጡና ቢሲዲቡት (የቡት ፋይሎቹን የሚፈጥረው ትእዛዝ) ብላችሁ የዊንዶውስ ፎልደሩን አድራሻ፣ ቀጥሎ ስላሽ ኤስ ከኤስ ፊደል ጋር፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤፍ ዩኢኤፍአይ ጻፉ። የቡት ፋይሎቹ ተፈጥረዋል የሚል መልእክት ካያችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ አስነሱ።

ክሎኑ አለቀ፣ ዊንዶውሱም ተነሳ፣ ግን ፋይሎች እየተበላሹ ነው። ዲስኩ የውሸት ሊሆን ይችላል። በማይታመን ዋጋ የሚሸጡ «2 ቴራባይት» ዲስኮች አሉ፤ አንዳንዱን ስትከፍቱት ውስጡ ያለው ተራ ሜሞሪ ካርድ ነው። መጠኑን የሚዋሸው ዲስኩ ራሱ ስለሆነ ዊንዶውስም ያምነዋል፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ሁሉ ግን የለም። ይሄ አይጠገንም። ከክሎን በፊት፣ ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ፣ ዲስክ ሞልቶ በሚፈትሸው ኤችቱቴስትደብሊው ጫፍ እስከ ጫፍ አጻፉት። ሰዓታት ይፈጃል። «አያስፈልግም፣ ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክቶ ያስሞክራችሁ።