ብዙ ቋንቋ ያለበት ፕሮጀክት ቢልድ አልሆን ሲል፦ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ሲ፣ ሲፕላስፕላስ፣ ፎርትራንና ፓይተን አንድ ላይ ያሉበት ፕሮጀክት ቢልድ አልሆን (ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም አልቀየር) ሲል ሰው መጀመሪያ የሚልክልኝ የስክሪን ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ደግሞ የመጨረሻው መስመር ብቻ። «ሜክ፦ ኤረር 2»። ከዚህ ምን ልረዳ? ሜክ (ቢልዱን ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የነገራችሁ ያስጀመረው ሥራ መውደቁን እንጂ ለምን እንደወደቀ አይደለም። ምክንያቱን የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ የመጀመሪያው ኤረር ላይ ነው። ከሱ በታች ያሉት እሱ የጎተታቸው ናቸው። ሜክን በትይዩ ካስኬዳችሁት ደግሞ የሲውም የፎርትራኑም ውጤት ተደባልቆ ስለሚወጣ ኤረሩ የማን እንደሆነ አይለይም። በአንድ ጆብ ድገሙት፣ ሙሉ ትእዛዞቹን እንዲያሳይ አድርጉ፣ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ሲመጣ ኢንክሉድ ፓዝ (ሄደር ፋይሎች የሚፈለጉበትን ፎልደር) መጨመር ምን የሚሉት ነው? ይህን የሚለው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው) ሳይሆን ሊንከሩ (የተለወጡትን ፋይሎችና ላይብረሪዎች የሚያገጣጥመው) ነው። ኮምፓይለሩ ያን ፋይል ጨርሶታል። ሄደሩን ባያገኘው ኖሮ እዚህ አትደርሱም ነበር። ሊንከሩ የሚላችሁ «ይህን ስም የሚጠራ አለ፣ ስሙን የያዘ ግን አላገኘሁም» ነው። እንግዲህ የሚፈለገው ስም በትክክል ምንድን ነው? ላይብረሪው ውስጥ ያለውስ? ኤንኤም የምትባል ትንሽ ትእዛዝ ሁለቱንም ታሳያችኋለች። ስሙ ፊት ካፒታል ዩ ካለ ይፈለጋል ማለት ነው፤ ካፒታል ቲ ካለ ፈንክሽኑ እዚሁ ፋይል ውስጥ አለ። በቃ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። ሰው ግን ፍላግ ይጨምራል፣ ላይብረሪውን ያራግፋል፣ እንደገና ይጭናል፣ ኮምፓይለር ይቀይራል፣ ኤንኤምን ግን አይነካም!

ስታወዳድሩ ብዙ ጊዜ ችግሩ ራሱ ፊት ለፊት ይታያል። ሲፕላስፕላስ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ፈንክሽኖችን ስለሚፈቅድ የፓራሜተሮቹን ዓይነት ስሙ ውስጥ ይቀብራል። ጂሲሲ (የግኑ ኮምፓይለር) ጋ በአንደርስኮርና በዜድ የሚጀምር ረጅም ስም ካያችሁ እሱ ነው፤ መድኃኒቱ ስሙ እንደ ሲ ሳይለወጥ እንዲቀር ዲክላሬሽኑ ላይ «ኤክስተርን ሲ» ማድረግ ነው። ጂፎርትራን (የጂሲሲ የፎርትራን ኮምፓይለር) ደግሞ ስሙን ወደ ትንንሽ ፊደል ይለውጥና መጨረሻው ላይ አንደርስኮር ይለጥፋል። ሲው ላይ አንደርስኮሯን በእጅ መጨመር ይሠራል፣ ኮምፓይለር እስኪቀየር ድረስ። ፎርትራን 2003 «ባይንድ ሲ» የሚባለውን ያመጣው እኮ ለዚሁ ነው፤ እሱን ተጠቀሙ። በሚፈለገው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ገብቶ ላይብረሪው ውስጥ ካለው ስም ላይ ግን ከሌለ፣ ነገሩ በ2015 ከወጣው ጂሲሲ 5 ጋር የመጣው የስትሪንግ አሠራር ለውጥ ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሴቲንግ ኮምፓይል አድርጉ፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ስሙ ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ አሁንም አልተገኘም ካለስ? ቅደም ተከተሉን እዩ። አንድ ጎበዝ ልጅ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሁሉ እንደ አዲስ ጭኖ መጣ፤ ችግሩ ግን የሁለት ላይብረሪዎች ቦታ መገለባበጡ ነበር። የግኑ ሊንከር ስታቲክ ላይብረሪዎችን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የሚወስደው እስከዚያ ድረስ የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ይቅደም፣ ተፈላጊው ይከተል።

የሲፕላስፕላስ ኮድ ካለበት ሊንክ የምታደርጉት በጂፕላስፕላስ (በጂሲሲ የሲፕላስፕላስ ትእዛዝ) እንጂ በጂሲሲ አይደለም። ፎርትራንም ካለ የፎርትራኑን ራንታይም ላይብረሪ በስሙ ጨምሩ።

ኮምፓይለር ቀይራችሁ የድሮውን ቢልድ ፎልደር ይዛችሁ አትቀጥሉ። ሲሜክ (ቢልዱን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የቀድሞውን ኮምፓይለር ካሽ ውስጥ ይዞታል። ፎልደሩን አጥፉት፣ አትከራከሩኝ።

«በኤፍፒአይሲ እንደገና ኮምፓይል አድርግ» የሚል ኤረር መጥቶላችሁ ምን ላድርግ ብላችሁ አትጠይቁኝ። መልሱ ኤረሩ ራሱ ነው፤ ኤፍፒአይሲ የኮምፓይለር ፍላግ ነው።

ፓይተን ጋ ያለው ወጥመድ ለየት ይላል፤ ቢልዱ በሰላም ያልቅና ኢምፖርት ሲደረግ ይፈነዳል። ሊኑክስ ላይ ሼርድ ላይብረሪ (ፓይተን ኢምፖርት የሚያደርገው ኮምፓይል የተደረገ ሞጁልም እሱ ነው) ሲሠራ ሊንከሩ የጎደለ ስም ቢኖርም ዝም ብሎ ያልፋል። ጣጣው ለኋላ ይቀራል። የጎደለው ላይብረሪ ከሆነ ኤልዲዲ (ፋይሉ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝር ትእዛዝ) «አልተገኘም» ብሎ ያሳያችኋል። የተሠራውን ፋይል ስምም አንብቡ። «ሲፓይተን 311» የሚል ካለበት የተሠራው ለፓይተን 3.11 ነው፤ እናንተ 3.12 ላይ ሆናችሁ ብትጠሩት ሞጁሉ የለም ትባላላችሁ። ማሽኑ ላይ ሁለት ፓይተን ሲኖር ሲሜክ አንዱን አግኝቶ እናንተ ሌላውን ማስኬዳችሁ በጣም የተለመደ ነው።

«ኮዱን አልነካሁትም፣ ድሮ ይሠራ ነበር» አትበሉ። ኮምፓይለሩ ተነክቷል። በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 በፎርትራን የማይገጥሙ አርጉመንቶችን ኤረር አደረጋቸው፤ ሲ ላይ ደግሞ ኤክስተርን ሳይባል በሄደር የተጻፈ ግሎባል ቫሪያብል «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ማስባል ጀመረ። የድሮውን የሚመልስ ፍላግ አለ፤ ግን አንዳንዴ የተገኘው እውነተኛ ስህተት ስለሆነ ከማፈናችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት።

ሊንክ ሆነ ማለትም ጨረሳችሁ ማለት አይደለም። ሲና ፎርትራን በሚገናኙበት ቦታ ሊንከሩ የሚያየው ስም ብቻ ነው፤ ዓይነት አይመረምርም። 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የሲው «ሎንግ» 64 ቢት ነው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 32። የጂፎርትራን ኢንቲጀር ካልነገራችሁት 32 ነው። ፎርትራን ማትሪክስን በኮለም ይደረድራል፣ ሲ በረድፍ። ስለዚህ ሁለት በሦስት የሆነች፣ ስድስቱም ቁጥሮቿ የተለያዩ ማትሪክስ ከሲ ወደ ፎርትራን ላኩና እዚያ የመጀመሪያውን ረድፍ የመጨረሻ ቁጥር አትሙ። ካሬ ማትሪክስ ወይም ሁሉም አንድ የሆነ ቁጥር አትላኩ፤ ስህተቱ ይደበቅባችኋል።