ውሃ ዳር ስትስሉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ስቱዲዮ ውስጥ እጁ የማይታማ ሠዓሊ እንኳ ሐይቅ ወይም ባሕር ዳር ሲወጣ ግራ ይጋባል። ብዙዎች በቀለሙ ወይም በብሩሹ ያመካኛሉ። በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ችግር የሚመጣው ዓይናችን የሚያየውን ትተን በሐሳባችን የያዝነውን ውሃ ስለምንስል ነው። በብዛት የሚያጋጥሙትን እንያቸው።

ውሃው ሰማያዊ ግድግዳ መሰለ

ይሄ ከሁሉም የተለመደው ነው። ምክንያቱ አንድ ሰማያዊ ቀለም ከዳር እስከ ዳር መቀባት ነው። ውሃ ሲረጋ እግራችሁ ሥር ያለውን ቁልቁል ስለምታዩት የታችኛው አሸዋና ድንጋይ ይታያል። ራቅ ያለውን ግን በአግድም ስለምታዩት ሰማዩን ያንጸባርቃል። ስለዚህ አንድ ሐይቅ ቢያንስ ሁለት መልክ አለው።

ላንጋኖ ለዚህ ግሩም አስተማሪ ነው። ውሃው ከደለሉ የተነሳ ቡናማ ነው። ሞገዱ ዳር ላይ ሲሳሳ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ወደ መሀል ስትሄዱ የሰማዩ ቀለም ይደረብበትና ወደ ሐምራዊ ግራጫ ያደላል። እዚያ ቁጭ ብሎ ሰማያዊ ሐይቅ የሚስል ሰው ሐይቁን ገና አላየውም።

መፍትሄው፦ ለቅርቡ ውሃ ከኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ከበርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና ከነጭ ጀምሩ። ወደ ሩቁ ስትሄዱ ኡልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ዓይናችሁ ካታለላችሁ ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አብጁና ቅርቡንና ሩቁን እያፈራረቃችሁ በሷ በኩል እዩ። ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል።

ነጸብራቅም ላይ ተጠንቀቁ። የጥቁር ነገር ነጸብራቅ ከራሱ ትንሽ ይፈካል፤ የነጭ ነገር ደግሞ ትንሽ ይጠቁራል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ አባ ኮዳ ውሃው ዳር ሲቆም ነጭ ሆዱንና ነጸብራቁን አስተያዩ። ሁለቱን በአንድ ነጭ ከቀባችኋቸው ወፉ ውሃ ላይ መቆሙ ቀርቶ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ሐይቁ ያዘነበለ ይመስላል

የውሃው መስመር ጠምሟል ማለት ነው። ከሸራው የታችኛው ጠርዝ በግራም በቀኝም ለክታችሁ አስተካክሉት። ቢሾፍቱ ላይ ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ የምትስሉ ከሆነ ደግሞ የማዶው ዳርቻ ከዓይናችሁ ከፍታ በታች መሆኑን አትርሱ።

ብርሃኑ አመለጠኝ

እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ከፍ ትላለች። እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላ ይጠፋል፣ ተራራውም ጠፍጣፋ ይሆናል። ማታም ጨለማው ቶሎ ነው የሚወድቀው። በ1 ሰዓት የጀመራችሁትን ሥዕል እስከ 5 ሰዓት ስትነካኩት ከዋላችሁ አንዱ ሸራ ላይ የተለያዩ ሰዓቶች ጥላዎች ይጣላሉ። ሥዕሉ የተደበላለቀው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ትንሽ ሸራ ነው፤ 20 በ25 ሴንቲሜትር ይበቃል። መጀመሪያ ጥላዎቹን ብቻ ቶሎ አስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ አትነኳቸው። ብርሃኑ ሲቀየር ሌላ ሸራ አውጡ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በፈረንሳይ ኤትሬታ ባሕር ዳር የሚሠራው እንዲህ ነበር። አንዱን ቦታ በተለያየ ሰዓት የሳለባቸውን 5 ወይም 6 ሸራዎች ልጆች ተሸክመው ይከተሉት ነበር፤ ሰማዩ ሲለወጥ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሳል። ለዚህ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ጌሶ (ከቀለም በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ) የተቀባ ካርቶንም ይሠራል።

ቀለሙ ደረቀ፣ ኢዝሉ (የሸራ ማቆሚያው) ወደቀ

ጥፋተኛው ንፋስ ነው። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) በንፋስና በፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። የረጠበ ስፖንጅ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፉና እሱን ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ) አድርጉት፤ ውሃ መርጫም ያዙ። ኢዝሉ ሥር ድንጋይ የሞላ ቦርሳ አንጠልጥሉ። የዘይት ቀለም ላይ አሸዋ ቢለጠፍ አትደንግጡ፣ አትጥረጉትም፤ ሲደርቅ በቀስታ ይራገፋል። የቀረው ይቅር። ሞኔ በ1870 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ትሩቪል ላይ የሳለው፣ አሁን ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የባሕር ዳርቻ ሥዕል ዛሬም የአሸዋ ቅንጣት አለበት።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እስራኤል ውስጥ አሽቀሎን ወይም ነታንያ ዳርቻ የባሕሩ ከፍታ በቀን ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም። አትላንቲክ ዳር ግን ውሃው በሰዓታት ውስጥ ዳርቻውን ይውጠዋል። ሞኔ በ1885 እ.ኤ.አ. ኤትሬታ ላይ ሰዓቱን ተሳስቶ ማዕበል ከገደሉ ጋር አላትሞታል፤ ሸራውንና ኢዝሉንም ወስዶበታል። ከመቀመጣችሁ በፊት ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩ።

ቤት ስገባ ፖስትካርድ ሆነብኝ

ከስልክ ፎቶ ስለሳላችሁ ነው። የስልክ ካሜራ ሰፊ ስለሚያነሳ የሩቁን ተራራ ያሳንሰዋል፤ ጥላውን ያጠቁራል ወይም ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል። ፎቶውን ለዝርዝር ነገር ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለምሳሌ ጣና ላይ የታንኳው ደንገል እንዴት እንደታሰረ ለማየት። ቀለሙን ግን እዚያው በትንንሽ ጠብታ ወረቀት ላይ ያዙት፣ አጠገቡም በእርሳስ ሰዓቱንና የንፋሱን አቅጣጫ ጻፉ።

ቦታው ምንም አልሰጠኝም

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቦታው አይደለም፤ ጥድፊያው ነው። በአንድ ቀን ሦስት ሐይቅ የሚዞር ሰው ሦስቱንም አያያቸውም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንስሎው ሆመር በ1883 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ ፕራውትስ ኔክ ሰፍሮ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1910፣ ያንኑ ድንጋያማ ዳርቻ ደጋግሞ ስሏል። እናንተም ለጉዟችሁ አንድ ዳርቻ ምረጡ። የመጀመሪያውን ጠዋት ቀለም አታውጡ፤ በእርሳስ ብቻ ሥሩ። በማግስቱ እዚያው ተመለሱና ዓይናችሁን የያዘውን አንድ ነገር ብቻ ሳሉ።

ስትመለሱ እርጥብ ሸራዎችን ፊት ለፊት አድርጓቸው። በአራቱም ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ አስገቡና በገመድ እሰሯቸው። አውቶቡስ ጣራ ላይ እንዳይጫንባችሁ፤ እግራችሁ ሥር ያዙት።